የፊልም ውሻ ልፋት፣ ዝናውና ከዝናው በኋላ የሚመጣው

እ.ኤ.አ. በ2020 ለእይታ በበቃው «ዘ ኮል ኦፍ ዘ ዋይልድ» ፊልም ውስጥ ሃሪሰን ፎርድ ሲዳብሰውና ሲያዋራው የሚታየው ባክ የተባለው ግዙፍ ውሻ በቀረጻው ቦታ ጨርሶ አልነበረም። በእርሱ ፋንታ ቴሪ ኖታሪ የተባለ የእንቅስቃሴ ባለሙያ በእጁና በእግሩ እየዳኸ የውሻውን ሚና ይጫወት ነበር፤ የኮምፒውተር ባለሙያዎችም ኋላ ላይ የሰውየውን ምስል አጥፍተው ውሻውን ተኩበት። የባክ ቁመናና ጸጉር የተወሰደው የአዘጋጁ ባለቤት ከእንስሳት መጠለያ ወስዳ ካሳደገችው በክሊ ከሚባል እውነተኛ ውሻ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በወጣው «ሱፐርማን» ፊልም የሚታየው ክሪፕቶ የተባለው ውሻም በኮምፒውተር የተሠራ ሲሆን፣ ለመልኩና ለአስቸጋሪ ጠባዩ መነሻ የሆነው አዘጋጁ ጄምስ ጋን ቤቱ ያሳደገው ኦዙ የተባለ ውሻ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሕያው ውሻ ከካሜራ ፊት እየተነሣ በዲጂታል ምስል መተካቱን ብዙዎች ለእንስሳቱ እንደ እፎይታ ያዩታል፤ በከፊልም እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ፊልም በውሾች ላይ ያደረሰው ጉዳት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በቀረጻ ጊዜ በተዋናዩ ውሻ አካል ላይ የሚደርሰው ሲሆን፣ ሁለተኛው ፊልሙ ታይቶ ካለቀ በኋላ ያንኑ ውሻ በሚመስሉ በሺህ በሚቆጠሩ ውሾች ላይ፣ በገዢዎቻቸው ቤትና በመጠለያዎች ውስጥ የሚደርሰው ነው። ኮምፒውተር የመጀመሪያውን ሊያስቀር ይችላል። ሁለተኛውን ግን አያስቀርም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው እንደሚችል የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። ይህን ለመረዳት ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረውን የፊልም ውሾች ታሪክ፣ በተለይም ውሾቹ እንዴት ይሠሩ እንደነበርና ተመልካቹ ምን እንዳየ እንደመሰለው መመርመር ያስፈልጋል።

ውሻ በፊልም ላይ ዋና ባለታሪክ የሆነው ሲኒማ ገና በሕፃንነቱ ሳለ ነው። በ1905 የእንግሊዛዊው ሴሲል ሄፕወርዝ ኩባንያ «ሬስኪውድ ባይ ሮቨር» የተሰኘ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ የሚረዝም ፊልም ሠራ። ታሪኩ በለማኝ ሴት የተሰረቀ ሕፃንን ፈልጎ ስለሚያገኝ ውሻ ነው። ባለታሪኩ ብሌር የሚባለው የሄፕወርዝ ቤተሰብ ውሻ ሲሆን፣ አባትና እናት ሆነው የተጫወቱትም ሄፕወርዝና ባለቤቱ፣ ሕፃኗም የራሳቸው ልጅ ነበረች። ከ7 ፓውንድ ጥቂት በለጠ ወጪ የተሠራው ይህ ፊልም ገበያው እጅግ ስለደራ፣ ቅጂ የሚታተምበት ኔጋቲቭ እየተበላሸ ሁለት ጊዜ እንደገና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መቀረጽ ግድ ሆነ። የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሥራ ከቅንብር ጥበብ መነሻዎች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። ውሻው ከቤት ወጥቶ መንገዱን ሲያቋርጥ፣ ወንዙን ሲዋኝ፣ በየበሩ እያነፈነፈ ሲያልፍ፣ ከዚያም በዚያው መንገድ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ተመልካቹ የተለያዩትን ቦታዎች በአንድ መስመር አያይዞ ለመከተል አልተቸገረም። ሰው በዚህ ዓይነት ቀጥተኛነት ቢሮጥ ሰው ሠራሽ ይመስል ነበር፤ ለውሻ ግን የተፈጥሮው ነው።

ድምፅ አልባው ዘመን ለውሻ የተመቸ ነበር። ሰው ተዋናይ የማይሰማ ንግግሩን በተጋነነ የፊት እንቅስቃሴ ለመተካት ሲታገል፣ ውሻ ግን ቀድሞም በቃል የማይናገር በመሆኑ ምንም አልጎደለበትም። አሠልጣኙም ከካሜራው ጀርባ ቆሞ እንደ ልቡ እየጮኸ ትእዛዝ መስጠት ይችል ነበር። በ1921 «ዘ ሳይለንት ኮል» በተባለው ፊልም ስሙ የገነነው ስትሮንግሃርት በጀርመን አገር ለፖሊስ ሥራ የሠለጠነ ጀርመን ሼፐርድ ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ ግን ዓለምን ያጥለቀለቀ ሌላ ጀርመን ሼፐርድ መጣ።

በመስከረም 1918፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ሊ ደንካን የተባለ አሜሪካዊ ወታደር በፈረንሳይ ሎሬን ግዛት ፍሊሬ ከምትባል መንደር አጠገብ በቦምብ የተመታ የውሾች ማደሪያ አገኘ። በፍርስራሹ ውስጥ አንዲት እናት ከገና ጨቅላ ቡችሎቿ ጋር በሕይወት ነበረች። ደንካን ከቡችሎቹ ሁለቱን ለራሱ አስቀርቶ፣ ፈረንሳውያን ለወታደሮች የመልካም ዕድል ምልክት አድርገው ይሰጧቸው በነበሩት ትንንሽ አሻንጉሊቶች ስም ሪን ቲን ቲንና ናኔት ብሎ ሰየማቸው። ናኔት አሜሪካ በደረሰች ጊዜ ታማ ሞተች። ሪን ቲን ቲን ግን በ1923 «ዌር ዘ ኖርዝ ቢጊንስ» በተባለው ፊልም የዋርነር ወንድማማቾችን ስቱዲዮ ከገንዘብ ጭንቀት እንዲወጣ ያገዘ ኮከብ ለመሆን በቃ። ከሃያ በላይ ፊልሞችን ሠርቶ በነሐሴ 1932 ሲሞት፣ አስከሬኑ ኋላ ላይ ወደተወለደበት አገር ተወስዶ በፓሪስ አቅራቢያ በአስኒየር በሚገኘው የውሾች መካነ መቃብር አረፈ።

በደንካንና በውሻው መካከል የነበረው ነገር ፊልሞቹ ካሳዩት ይልቅ የሚያስደንቅ ይመስለኛል። ደንካን በልጅነቱ ለተወሰነ ጊዜ በሕፃናት ማሳደጊያ የኖረ፣ ከሰው ይልቅ ከውሻው ጋር ብዙ ሰዓት የሚያሳልፍ ሰው ነበር። ተመልካቹ በጨለማው አዳራሽ ያየው ግንብ የሚዘልል፣ ክፉውን ሰው በጠረኑ የሚለይና ለጌታው ሲል እሳት ውስጥ የሚገባ ጀግና ሲሆን፣ ከምስሉ ጀርባ የነበረው ደግሞ በየቀኑ ሳይታክት የተደጋገመ ሥልጠና፣ የአንድ ሰው ሙሉ ትኩረትና ለሥራ ተመርጦ የተዳቀለ ዝርያ ጉልበት ነበር። ሥልጠናው በማያው ላይ አይታይም፤ ስለዚህም ብቃቱ በደም የወረሰው ጸጋ ሆኖ ታየ። ከዚህ በኋላ የመጣው ችግር ሁሉ የበቀለው ከዚህ የተሳሳተ እይታ ነው።

ድምፅ ወደ ፊልም ሲገባ የአሠልጣኙ ጩኸት ከማይክሮፎን ጋር ተጋጨ። ከጀርመን ወደ አሜሪካ የሄደው ካርል ስፒትዝ ውሾችን በእጅ ምልክት ብቻ ማዘዝን ስላዳበረ ለአዲሱ ዘመን ዝግጁ ሆኖ ተገኘ። በ1939 በወጣው «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ቶቶ ሆና የተጫወተችው ቴሪ የተባለች ኬርን ቴሪየር የእርሱ ሥልጠና ውጤት ናት። ቴሪ ባለቤቶቿ ዓይን አፋርነቷን እንዲያስተካክል ወደ ስፒትዝ ያመጧት፣ ከዚያም ሳይወስዷት የቀሩ ውሻ ነበረች። በዚያ ፊልም ከዋና ባለታሪኳ ከዶሮቲ እቅፍና ከእግሯ ሥር ሳትለይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትታያለች፤ መጋረጃውን ስባ የጠንቋዩን ማታለል የምታጋልጠውም እርሷ ናት። ሳምንታዊ ክፍያዋ 125 ዶላር የነበረ ሲሆን፣ ይህም የመንችኪን አገር ነዋሪዎች ሆነው ከተጫወቱት ከብዙዎቹ ሰዎች ክፍያ ይበልጥ ነበር፤ ገንዘቡ ግን በእርግጥ የአሠልጣኟ ነው። በቀረጻው መካከል ከጠንቋይዋ ዘበኞች አንዱ እግሯን ረግጦት በመጎዳቷ እስክታገግም ሌላ ውሻ ተክታት ሠርታለች። በ1945 ስትሞት በስፒትዝ ግቢ ተቀበረች፤ በ1958 ግን በዚያ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ሲሠራ መቃብሯ ጠፋ። በሆሊውድ የመታሰቢያ ሐውልት የቆመላት በ2011፣ ከሞተች ከስድሳ ስድስት ዓመት በኋላ ነው።

ውሻ «ይተውናል» ስንል በትክክል ምን ማለታችን እንደሆነ እዚህ ላይ መብራራት አለበት። የፊልም ውሻ በካሜራው ፊት ሳለ የሚመለከተው አብሮት የሚጫወተውን ልጅ ሳይሆን፣ ከልጁ ትከሻ በስተጀርባ ሥጋ ወይም መጫወቻ ይዞ የቆመውን አሠልጣኝ ነው። ወደተመደበለት ምልክት ሄዶ መቆም፣ መተኛት፣ በምልክት መጮኽ፣ መሬት ላይ መሳብ፣ እግሩን እንደታመመ ማንሣትና ዕቃ በአፉ ይዞ ማምጣት ለየብቻ የሚለመዱ ተግባራት ናቸው። እያንዳንዱ ተግባር በአጫጭር ቁራጭ ይቀረጻል፤ ትርጉም የሚሰጠው አቀናባሪው ነው። ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት የአንድን ተዋናይ የማይለወጥ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳሕን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን አጠገብ በማቀናበር ተመልካች ረሃብንና ሐዘንን በዚያው ፊት ላይ እንደሚያነብ አሳይቷል። ውሻም ዘንድ የሚሠራው ይኸው ሕግ ነው። የሚያለቅስ ልጅ ከታየ በኋላ አንገቱን ወደ ጎን ያዘነበለ ውሻ ቢታይ፣ ተመልካቹ ርኅራኄን ያያል፤ ውሻው ግን በዚያች ቅጽበት ያየው የተንጠለጠለ የዶሮ ሥጋ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ አንዱን ባለታሪክ ብዙ ጊዜ ሁለት፣ ሦስትና ከዚያም በላይ ውሾች ተካፍለው ይጫወቱታል፤ አንዱ ለሩጫ፣ አንዱ ለዋና፣ አንዱ ዝም ብሎ ለመቀመጥ ይመረጣል። አንድም ሕያው ውሻ ያን ሁሉ ችሎታና ጠባይ በአንድ አካል ይዞ አያውቅም ማለት ነው። ይህን መናገር የውሻን ፍቅር መካድ አይደለም። ውሻ ሰውን እንደሚወድና ከሰው ጋር ሲሆን እንደሚረጋጋ ከውሻ ጋር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያ ፍቅር ግን ፊልም እንደሚያሳየው የሰውን ቋንቋና ሥነ ምግባር የተረዳ ፍቅር አይደለም።

የዚህ ሁሉ ማዕከል ላሲ የተባለችው የልቦለድ ውሻ ናት። በዮርክሻየር ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ኤሪክ ናይት በ1938 በመጽሔት ያሳተመው አጭር ልቦለድና በ1940 ወደ መጽሐፍ ያሳደገው ታሪክ በመጀመሪያ ስለ ድህነት የተጻፈ ነው። አባት ከከሰል ማዕድን ሥራው ይፈናቀላል፤ ቤተሰቡ በእጁ የቀረውን ብቸኛ ውድ ነገር፣ ኮሊ ውሻውን፣ ለአንድ መስፍን ይሸጣል፤ ውሻዋም ከስኮትላንድ ተነሥታ እየቆሰለችና እየተራበች በእግሯ ወደ ልጁ ትመለሳለች። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሚያመው የውሻዋ ጉዞ ብቻ ሳይሆን፣ ልጅ የሚወደውን ነገር ለእንጀራ ሲባል ሲሸጥበት ማየት ነው። ናይት በጥር 1943 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የወጣውንና ላሲን ለዓለም ያስተዋወቀውን ፊልም ውጤት ለማየት አልታደለም።

ላሲ ሆኖ የተጫወተው ፓል የሚባል ወንድ ውሻ ነው። ባለቤቱ ያለማቋረጥ መጮኹንና ሞተር ሳይክል ማሳደዱን እንዲያስተወው ወደ አሠልጣኙ ረድ ዌዘርዋክስ አመጣው፤ ጩኸቱ ቢቀንስም የማሳደድ ልማዱ አልቀረም፤ ባለቤቱም የሥልጠናውን ክፍያ ከመክፈል ይልቅ ውሻውን ለአሠልጣኙ ተወለት። ለላሲ ሚና ቀድማ የተመረጠችው ሴት ኮሊ በቀረጻው ወቅት ጸጉሯ እየረገፈ ስለነበር፣ ፓል ሞልቶ የሚፈስስን ወንዝ የመሻገር ትዕይንት በብቃት ሲሠራ ሚናው ሙሉ በሙሉ ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ ላሲን የተጫወቱት ውሾች ወንዶች ናቸው፤ ወንድ ኮሊ በበጋም ጸጉሩ ብዙ ስለማይሳሳና ግዙፍ በመሆኑ አብሮት የሚጫወተው ልጅ ቢያድግም ልዩነቱ ቶሎ ስለማይታይ ነው። የዓለም ታዛዥ ውሻ ተብሎ የተወደሰው እንስሳ ባለቤቱ በጠባዩ ተማርሮ የተወው መሆኑን ስመለከት፣ ይህ እውነት በየፊልሙ መግቢያ ላይ ተጽፎ ቢሆን ስንት ውሻ ከመጣል በተረፈ ነበር እላለሁ።

ከ1954 እስከ 1973 በአሥራ ዘጠኝ ምዕራፎች፣ ወደ 600 በሚጠጉ ክፍሎች የተላለፈው የቴሌቪዥን ተከታታይ ታሪኩን ከድህነት አውጥቶ ወደ ሳምንታዊ የነፍስ አድን ሥራ ለወጠው። በየሳምንቱ ልጅ አደጋ ውስጥ ይገባል፤ ውሻዋ ትደርሳለች፤ ሮጣ ሄዳ ትጮኻለች፤ አዋቂዎቹም የጩኸቷን ትርጉም ወዲያው ይረዳሉ። ውሻዋ የማይገባት ነገር የለም፤ የምትፈልገውም ነገር የለም። ምግቧን የሚያዘጋጅ፣ ረጅሙን ጸጉሯን የሚያበጥር፣ ለእንስሳት ሐኪም የሚከፍል፣ ጫማ ስታኝክ የሚቆጣ ሰው ታሪኩ ውስጥ እምብዛም ቦታ የለውም። በየቤቱ የተቀመጠው ልጅ ያየው ውሻ ለመግዛት ብቻ እንጂ ለማሠልጠን፣ ለማንሸራሸርና ለመንከባከብ ጊዜ የማይጠይቅ ወዳጅ ነበር።

የዚህን ውጤት በቁጥር ማየት ይቻላል። በ2014 የታተመ የስቴፋኖ ጊርላንዳ፣ የአልቤርቶ አቸርቢና የሃሮልድ ሄርዞግ ጥናት ውሻ ዋና ሚና የያዘባቸውን 87 ፊልሞች ከአሜሪካ የውሻ ዝርያ መዝገብ ጋር አስተያይቷል። የላሲ ፊልም ከወጣ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት የኮሊ ምዝገባ በ40 በመቶ ጨምሯል። በ1959 «ዘ ሻጊ ዶግ» ከወጣ በኋላ ደግሞ የኦልድ ኢንግሊሽ ሺፕዶግ ምዝገባ ወደ መቶ እጥፍ አድጓል። የፊልም ተጽዕኖ እስከ አሥር ዓመት የሚዘልቅ ሆኖ የተገኘ ሲሆን፣ ከፍተኛ ተጽዕኖ ያሳደሩት አሥር ፊልሞች ብቻ በአሥር ዓመት ውስጥ ከተጠበቀው በላይ ከ800 ሺህ የሚበልጡ ውሾች ከመመዝገባቸው ጋር ተያይዘዋል። ጥናቱ የቀደሙት ፊልሞች ተጽዕኖ ከኋለኞቹ እንደሚበልጥም አሳይቷል፤ ይህም ተመልካቹ የሚያያቸው ነገሮች በመብዛታቸው አንዱ ፊልም ብቻውን እንደ ቀድሞው ሁሉንም የሚገዛ ባለመሆኑ ሳይሆን አይቀርም።

ፍላጎት በድንገት ሲያሻቅብ የሚጎዳው ለምን ውሻው እንደሆነ ማስተዋል ያሻል። ውሻ የሚያረግዘው ለሁለት ወር ገደማ ነው። ጠንቃቃ አርቢ የእናትና የአባቱን ጤና መርምሮ፣ እናቲቱን አሳርፎ፣ ገዢውንም ጠይቆና አጣርቶ የሚያረባ በመሆኑ ምርቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስትና አራት እጥፍ ማድረግ አይችልም። ስለዚህ በፊልሙ የተፈጠረውን ፍላጎት የሚሞላው ጥንቃቄ የሌለው ነጋዴ ነው፤ ዘመድ ከዘመድ ያዳቅላል፤ የታመመውንም ጤነኛውንም ይሸጣል። ዳልሜሽያን የተባለው ነጠብጣብ ውሻ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በ1961 የተሠራው የዲዝኒ የካርቱን ፊልም በ1985 እንደገና በሲኒማ ቤቶች ከታየ ወዲህ ምዝገባው በየዓመቱ እያሻቀበ በ1993 ከ42 ሺህ በላይ ደረሰ። በ2000 ከ5 ሺህ በታች ወርዶ ነበር። ይህ ውሻ በሠረገላ ጎን ረጅም ርቀት እንዲሮጥ የተዳቀለ፣ ካልሮጠ ቤት የሚያፈርስ ዝርያ ነው፤ በአሜሪካ ከአሥሩ ሦስት የሚሆኑት ደግሞ በአንዱ ወይም በሁለቱም ጆሯቸው መስማት ሳይችሉ ይወለዳሉ። ልጆቹ የፈለጉት በፊልሙ ያዩትን ነበር። ያንን ውሻ ወደ ቤት ያስገቡ ብዙ ቤተሰቦች ግን የማይሰማና ዕረፍት የማያውቅ እንስሳ ሲያጋጥማቸው ወደ መጠለያ መለሱት። በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም አፓርታማ ውስጥ ልጆች የሚያሳድግ አንባቢ ይህን የውሻ ጥያቄ ከልጁ አፍ ሰምቶት ይሆናልና ነገሩ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ዲጂታሉ ውሻ ልመለስ። በ2011 የጀመረው «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተሰኘው ተከታታይ ግዙፍ ተኩላ መሰል እንስሳትን አሳየ። በመጀመሪያ የተጫወቷቸው ኖርዘርን ኢንዊት የሚባሉ ውሾች ሲሆኑ፣ በኋላ ግን እውነተኛ ተኩላዎች ተቀርጸው በኮምፒውተር ገዝፈው ቀረቡ። በማያው ላይ ሃስኪ አልነበረም። ሰዎች ግን መልኩ ቀርቦ ያገኙትን ሳይቤሪያን ሃስኪን ገዙ፤ በየመጠለያው የተጣሉ ሃስኪዎች ቁጥር በመብዛቱም በነሐሴ 2017 ከተከታታዩ ዋና ተዋንያን አንዱ የሆነው ፒተር ዲንክሌጅ ፔታ ከተባለው የእንስሳት መብት ተሟጋች ድርጅት ጋር ሆኖ አድናቂዎቹ ሃስኪ ከመግዛት እንዲቆጠቡና ውሻ የሚፈልግ ሰው ከመጠለያ እንዲወስድ ተማጸነ። ሃስኪ በሳይቤሪያ ቅዝቃዜ ተንሸራታች ጋሪ ለረጅም ርቀት እንዲጎትት የተዳቀለ ውሻ ነው፤ ሞቃት ከተማ ውስጥ በር ተዘግቶበት ቢውል ይጮኻል፣ ይቆፍራል፣ ያመልጣል። ይህ አጋጣሚ ለክርክሬ ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ነው፤ በኮምፒውተር የተፈጠረ ግዝፈት እንኳን ሕያው ውሻን ወደ ገበያ ጎትቶ ሊያወጣ ችሏልና።

እንዲያውም አደጋው የሚሰፋ ይመስለኛል። ፓል ምንም ያህል ቢሠለጥን ከውሻ አካል አቅም በላይ መሄድ አይችልም ነበር፤ አቀናባሪው ቢያጋንነውም የሚያጋንነው እውነተኛውን ውሻ ነው። በኮምፒውተር የሚሠራ ውሻ ግን የሚወስነው የአካል ሕግ የለም። ባክ ቅንድቡን እንደ ሰው ያነሣል፣ በሐዘኔታ ይመለከታል፣ ነገሩ እንደገባው አንገቱን ይነቀንቃል። በ2019 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ውሻ የውስጠኛ ቅንድቡን የሚያነሣ፣ ተኩላ ግን እምብዛም የሌለው ጡንቻ አለው፤ ከሰው ጋር በኖረባቸው በብዙ ሺህ ዓመታት ያዳበረው ሊሆን ይችላል። ተፈጥሮ ይህን ያህል ኃይል ለሰጠችው ፊት ተጨማሪ የሰው ገጽታ መለጠፍ፣ ልጆች ሕያው ውሻን የሚያነቡበትን ዕውቀት ያደበዝዛል። ውሻ ጥርሱን ሲያሳይ ፈገግ አለ ብሎ የሚያቅፈው ሕፃን ሊነከስ ይችላል።

ስለ ቀረጻ ጉዳት ደግሞ ዲጂታሉ ጥቅም አለው ስል ከልቤ ነው። በ1939 በተቀረጸ አንድ የካውቦይ ፊልም ፈረስ ከገደል ተወርውሮ በመሞቱ የተነሣው ቁጣ የአሜሪካ የእንስሳት ተከላካይ ማኅበር ከ1940 ጀምሮ ቀረጻዎችን እንዲከታተል ምክንያት ሆነ። በብሪታንያ ቀደም ብሎ በ1937 እንስሳትን እያሠቃዩ የተሠሩ ፊልሞችን ማሳየት የሚከለክል ሕግ ወጥቶ ነበር። «በዚህ ፊልም ሥራ አንድም እንስሳ አልተጎዳም» የሚለው የማረጋገጫ መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1972 በወጣው «ዘ ዶበርማን ጋንግ» ላይ ነው። በጥር 2017 ግን «ኤ ዶግስ ፐርፐዝ» የተባለው ፊልም ሊመረቅ ሲል አንድ ጀርመን ሼፐርድ ወደሚናወጥ ውኃ ሲገፋ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ምስል ወጥቶ ምረቃው ተሰረዘ። ኋላ የተደረገው ምርመራ ምስሉ ተቆራርጦ የተሳሳተ ግንዛቤ የሚሰጥ ነው ብሎ ቢደመድምም፣ የሚናወጥ ውኃ ውስጥ የሚገባ ትዕይንት በሕያው ውሻ ሊሠራ እንደማይገባ ለማንም ግልጽ ሆነ። እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ ለኮምፒውተር ይሰጥ። የማረጋገጫው መስመር ግን በዋናነት የሚሸፍነው ቀረጻውን መሆኑ መታወቅ አለበት፤ ከቀረጻ ውጪ ያለውን ሥልጠና፣ ማደሪያና ከፊልሙ በኋላ ያለውን የውሻውን ሕይወት ስለመከታተሉ የሚናገረው ነገር የለም።

ሕያው ውሻ በክብር የሚሠራበት መንገድ እንዳለ የሚያሳዩ ሥራዎችም አሉ። ከሁሉ የማስበልጠው የቪቶሪዮ ደ ሲካን «ኡምቤርቶ ዲ» ነው። በ1952 ለእይታ የበቃው ይህ የጣሊያን ፊልም ጡረታው የቤት ኪራዩን የማይሸፍንለትን አዛውንትና ፍላይክ የተባለ ትንሽ ውሻውን ይከተላል። አዛውንቱን የተጫወቱት ካርሎ ባቲስቲ በሙያቸው የቋንቋ ሊቅ እንጂ ተዋናይ አልነበሩም። አዛውንቱ እጁን ዘርግቶ መለመን ስለሚያሳፍረው ባርኔጣውን ለውሻው ያስይዝና ዘወር ብሎ ይቆማል። በመጨረሻም ራሱን ከውሻው ጋር ከባቡር ፊት ሊጥል ሲሞክር ውሻው በፍርሃት ተፈራግጦ ያመልጠዋል፤ ሰውየውም እርሱን ፍለጋ ከሐዲዱ ይርቃል። ውሻው ጌታውን ያዳነው የሰውየውን ሐሳብ ተረድቶ አይደለም፤ ባቡሩን ፈርቶ ነው። ከዚያም በኋላ ይጠራጠረዋል፤ አልቀርብም ይለዋል። ጌታውን የሚጠራጠር ውሻ በሌላ ፊልም ላይ ሲታይ አላጋጠመኝም። የዚህ ፍቅር ኃይል ሰውየው የውሻውን እምነት እንደገና ለማግኘት መድከም ያለበት መሆኑ ላይ ነው።

በ2023 «አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል» በተባለው የፈረንሳይ ፊልም የተጫወተው ሜሲ የተባለ ቦርደር ኮሊም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ማየት የሚቸግረው ልጅ አንድን ነገር ለማረጋገጥ ብሎ ለውሻው አስፕሪን ይሰጠዋል፤ ውሻውም ሊሞት ይቃረባል። ሜሲ ዓይኑን ገልጦ፣ ምላሱን አንጠልጥሎና አካሉን ለቅቆ የሚተኛበት ትዕይንት ከአሠልጣኙ ጋር በብዙ ልምምድ የተሠራ ሲሆን፣ ከ2001 ጀምሮ በካን ፊልም በዓል ወቅት ለውሾች የሚሰጠውን የፓልም ዶግ ሽልማት አስገኝቶለታል። በዚያ ትዕይንት ሰውን የሚያድን ጀግና የለም፤ ያለው ሰው በሚሠራው ስሕተት ሁሉ የሚጎዳ፣ ሙሉ በሙሉ በሰው እጅ ያለ ፍጥረት ነው።

ከመጠለያ የተወሰዱ ድቅል ውሾችን ማጫወት ደግሞ የዝርያ ገበያውን ጥድፊያ የሚያስቀር ብልሃት ነው። በ1957 ብዙ ሕፃናትን ያስለቀሰው «ኦልድ የለር» ላይ የተጫወተው ስፓይክ ከሎስ አንጀለስ አካባቢ መጠለያ በ3 ዶላር የተገዛ ውሻ ነበር። በ1974 «ቤንጂ» ሆኖ የወጣው ሂጊንስም ፍራንክ ኢን የተባለ አሠልጣኝ በቡችላነቱ ከበርባንክ መጠለያ ያገኘው፣ ዝርያው በውል የማይታወቅ ውሻ ነበር፤ ቀደም ሲል በቴሌቪዥን ተከታታይ ለዓመታት ሠርቶ በስተእርጅናው ነው በዚያ ፊልም የገነነው። ሂጊንስን የወደደ ሰው ተመሳሳዩን ከአርቢ ማዘዝ አይችልም ነበር፤ አርቢ የለውምና። ወደ መጠለያ ሄዶ ያለውን ከማየት ሌላ መንገድ አልነበረውም። በ2011 «ዚ አርቲስት» ላይ በተጫወተው ሚና የተመሰገነው ኡጊ የተባለ ጃክ ረሰል ቴሪየርም በጠባዩ አስቸጋሪነት ሁለት ባለቤቶች ትተውት አሠልጣኙ ያነሣው ነው፤ ዝርያው የታወቀ በመሆኑ ግን ከቤንጂ ጋር አንድ ዓይነት ጥበቃ አልነበረውም።

የሃንጋሪው አዘጋጅ ኮርኔል ሙንድሩቾ በ2014 ያወጣው «ኋይት ጎድ» ይህን መንገድ ከማንም በላይ አርቆ ወስዶታል። በቡዳፔስት ጎዳናዎች ላይ የተጣሉ ድቅል ውሾች በአንድነት ሲያምጹ የሚያሳየው ይህ ፊልም ከሁለት መቶ በላይ ሕያው ውሾችን የተጠቀመ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የመጡት ከመጠለያ ነው። በባዶ ድልድይና አውራ ጎዳና ላይ በመንጋ ሲሮጡ የሚታዩት በኮምፒውተር የተባዙ ምስሎች ሳይሆኑ ለወራት አብረው መኖርንና አብረው መሮጥን የተለማመዱ ውሾች ናቸው። ፊልሙ በካን የ«አን ሰርተን ሪጋር» ዋና ሽልማትንና የፓልም ዶግን ወሰደ። ቀረጻው ሲያበቃም የፊልሙ ቡድን ለውሾቹ በሙሉ አሳዳጊ ቤተሰብ አገኘላቸው። ይህን ያደረገው በሆሊውድ ሚዛን አነስተኛ በጀት የነበረው የአውሮፓ ፊልም ነው፤ አንድ ውሻ በኮምፒውተር ለመሥራት በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚያወጡት ስቱዲዮዎችም በፊልማቸው ማብቂያ ላይ ዝርያው ምን ዓይነት ሥራና ስፋት እንደሚጠይቅ የሚገልጽ አጭር ማሳሰቢያ ከማስቀመጥና በየአገሩ ካሉ መጠለያዎች ጋር ከመሥራት የሚያግዳቸው የገንዘብ ምክንያት የለም።